በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። "ጋሽ ስሜነህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ዛሬውኑ ብትመጣ ጥሩ ነው" ከተባልክ ሰውየው አርፈዋል ማለት ነው፤ ነጠላህን ይዘህ መሄድ ብቻ ነው የሚቀርህ። በላይነህ ጠዋት ደውሎ እንዲህ ሲለኝ ባሕር ዳር ቤቴ ተቀምጬ ከአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር በስልክ መልእክት እየተጻጻፍኩ ነበር። ነጋዴው ለጊታር የሚሆን አዲስ ማሽን አስመጥቷል። ከዚህ በፊት የነበሩህን ሁሉ የሚያስረሳ ነው ይለኛል፤ ፎቶውን ከፊትም ከኋላም አንስቶ ይልክልኛል። "እስከ ነገ ወዲያ ቁርጡን ንገረኝ፣ ሌላ ፈላጊ አለ" ብሎኛል። እኔ ደግሞ ለመቸኮል ገፊ የማያስፈልገኝ ሰው ነኝ። "ላክልኝ" ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አላልኩትም። ነጠላዬን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ።

ደብረ ማርቆስ እስክደርስ በአውቶቡሱ መስኮት ያየሁት ነገር ትዝ አይለኝም። ዓይኔ ላይ የነበሩት ጋሽ ስሜነህ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ወረድ ያለ፤ የጊታር ማንገቻ ለሠላሳ ዓመት የጎተተው ትከሻ ነው። ነገር ሲበላሽ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። "ጥፋቱ የማነው?" ይላሉ። ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው። የጊታር ክር ሲበጠስም፣ አውቶቡስ ሲያመልጠንም፣ ሽሮ ሲያርርም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ "እኔ ቤት ሽሮ ያርራል፣ ግን ሳይመረመር አይደፋም" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከዐሥር ዓመት በፊት እኔና ጋሽ ስሜነህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ባንድ እንሠራ ነበር። ባንዱን የሚመራው፣ ጊታርም የሚሞካክረው ዘፋኙ በላይነህ ነው። እኔ ቤዝ ጊታር እመታለሁ፣ ጋሽ ስሜነህ ዋናውን ጊታር ይመታሉ፣ ኪቦርድና ድራም የሚጫወቱ ሌሎች ሁለት ልጆች አሉ። ሥራችን ሠርግ ነበር። ጋሽ ስሜነህ በልጅነታቸው ዜማ ሊማሩ ጉባኤ ቤት ገብተው፣ ኋላ ትምህርቱን ትተው በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር የያዙ ሰው ናቸው። ለምን እንደተዉት ግን አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቅም ነበር።

አሮጌው አምፕሊፋየራቸው ሆዱ ተቀዶ መንኮራፋት ሲጀምር ከአዲስ አበባ አንዲት ማሽን ገዙ። ማሽን የምላት መሬት ላይ የምትቀመጥ፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ የብረት ዕቃ ናት። የጊታሩ ሽቦ እሷ ውስጥ ይገባና ከእሷ ወጥቶ ወደ ሞንታርቦው ይሄዳል። የብዙ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ በሆዷ ይዛለች፤ በእግርህ ስትረግጣት ለስላሳውን፣ ሻካራውን፣ የሚያለቅሰውን እያወጣች ትሰጥሃለች። ማዞሪያዎቿን እየነካካህ የራስህን ድምፅ ሠርተህም ታስቀምጥባታለህ። የሸጠላቸው ጊታሪስት ከእሷ የምትሻል ስላገኘ ነበር የሸጣት። እኛ "አዲስ አበቤው የጣላት ማሽን" ስንላት ጋሽ ስሜነህ ደስ አይላቸውም። "አልተዋወቁም ማለት ነው" ይሉ ነበር።

ማሽኗ የመጣችው ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። በጾም ሠርግ የለም፤ ባንዱ ይበተናል፣ ድራሙም በአንሶላ ይሸፈናል። በሁዳዴ ከአንድ ቤት ጊታር ሲጮህ ከተሰማ የሚመጣው ጎረቤት ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩ ነው። የማሽኗ ትልቁ ጸጋ ግን እዚህ ላይ ነበር፤ የጆሮ ማዳመጫ ይሰካባታል። ጋሽ ስሜነህ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጓዳ ገብተው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፅ ሲሠሩ ከረሙ። ጣታቸው ይሄዳል፣ ቤቱ ግን ጸጥ ያለ ነው። አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው በዚህ ሁኔታ አገኟቸው።

"ስሜነህ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"ሥራዬን እያጠናሁ ነው አባ። ለሰው አይሰማም።"

አባ ማዳመጫውን ተቀብለው ከጥምጣማቸው ጋር እየታገሉ ጆሯቸው ላይ አደረጉና ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ አውልቀው መለሱላቸው። "ለብቻህ የሰማኸውን ለብቻህ ትጠየቅበታለህ" ብለው ጠበላቸውን ረጭተው ሄዱ። እትዬ የሺ ይህን ሲያወሩልን እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር።

ለዳግማ ትንሣኤ ሮብ ገበያ አንድ ገበሬ ቤት ሠርግ ተጠራን። ዳሱ በባሕር ዛፍ አጣና ቆሞ ሸራ የለበሰ ነው፤ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ በበሩ እየገባ ይጋረፋል። ጋሽ ስሜነህ በጾሙ ከሠሯቸው ድምፆች የመጀመሪያውን ረገጡ። በማዳመጫው ውስጥ ወተት የነበረው ድምፅ በትልቁ ሞንታርቦ ሲወጣ ቀጥኖ፣ ሾልኮ፣ በኢኮ ተድበስብሶ ቀረ። ሁለተኛውን ረገጡ፣ ያው ነው። ሦስተኛው ባሰ።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የዳሱ መጨረሻ ቦታ ነው፤ ብርዱ መጀመሪያ የሚደርስበት፣ ወጡ መጨረሻ የሚደርስበት። ዘፈኑ ሲያልቅ ከተቀመጡበት ሆነው በላይነህን ጠሩት።

"ልጄ፣ ያ ንብ ከየት ነው የገባው? ቀፎ አላችሁ እንዴ እዚያ?"

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ሙሽራዋ ሳይቀር በቬሏ ሥር ሳቀች። በላይነህ ላብ በላብ ሆነ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን። ጋሽ ስሜነህ ጊታራቸውን አወለቁና ለእኔ አቀበሉኝ።

"አንዱዬ፣ ይቺኑ ዜማ ደጋግመህ ምታት" አሉኝ።

ከዚያ በእንግዳው መካከል እየተሹለኮሉ ሄደው ሽማግሌው አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሠርጉ ሁሉ ቆሞ እያየን እኔ ያቺን ዜማ መታኋት፣ ደገምኳት። ጋሽ ስሜነህ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ሲበቃቸው ተነሡና በሰው ፊት፣ ሳያፍሩ፣ "አባታችን እውነታቸውን ነው" አሉ።

በመመለሻችን መኪናው ውስጥ በላይነህ ተናገረ። ተቆጥቶ እንኳ "እርስዎ" ማለቱን አልተወም፤ ቁጣውን ያከበደውም እሱ ነው።

"ጋሽ ስሜነህ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደጀን ላይ ትልቅ ሠርግ አለን። እስከዚያ ወይ ሌላ ማሽን ያምጡ፣ አለዚያ የጊታሩን ቦታ ኪቦርዱ ይሸፍነዋል። ዛሬ ኪቦርድ የማይሆነው ነገር የለም። እኔ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም፣ ግን ባንዱ መሳቂያ ሲሆን ዝም አልልም።"

ማስፈራሪያ አልነበረም። በዚያን ዘመን በየከተማው ጊታሪስቶች አንድ በአንድ እየቀሩ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ሠርግ ይዘው ይሄዱ ጀምረው ነበር። ጋሽ ስሜነህ ከወጡ የሚገቡበት ሌላ ባንድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልነበረም። እሳቸውም ያውቁታል።

እኔ በልቤ ከበላይነህ ጋር ነበርኩ። ስንወርድ ተከትያቸው ሄድኩና "ጋሼ፣ አዲሷን የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። በሁለት ቀን ትደርሳለች። ዘመዶችዎም ያግዛሉ" አልኳቸው።

"ጥፋቱ የማነው?" አሉኝ።

"የማሽኗ ነዋ ጋሼ።"

"በምን አወቅህ?"

"እንጃ ጋሼ።"

"እኔም አላውቅም" አሉ። "የእኔም ሊሆን ይችላል። የእኔ ከሆነ አዲሷን ስገዛ ጥፋቴን ይዤባት ነው የምገባ። የእሷ መሆኑን ካወቅሁ ግን አንድ ቀን አላድርም፣ እቀይራታለሁ። በማርያም ዕለት ጠዋት ትመጣለህ፤ አምበር እንሄዳለን።"

አምበር ላይ የልጅነት የጉባኤ ቤት ጓደኛቸው የእህል ወፍጮ ነበረው። መብራትም ሰፊ ግቢም አለው። በሥራ ቀን በወፍጮው ጩኸት ሰው ከሰው አይሰማማም፤ በየወሩ በዓል ግን ገበሬው እህል ስለማያስፈጭ ግቢው ጭር ይላል። ሞንታርቦውን በሚኒባስ ጣሪያ ጭነን ስንደርስ ባለወፍጮው በሩ ላይ ቆሞ አየን።

"ስሜነህ፣ በማርያም ቀን ሥራ ልትሠራብኝ ነው?"

"ጊታር መምታት ሥራ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም" አሉ ጋሽ ስሜነህ። "አንተ የመጀመሪያው ከሆንክ እመለሳለሁ።"

ሰውየው ሳቀና ቁልፉን ሰጠን።

በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ሸራ ወጠርን። ሞንታርቦውን ከሸራው ሥር አቆምን። ጋሽ ስሜነህ ጊታሩን እኔ ላይ አንጠለጠሉና ሠላሳ እርምጃ ቆጥረው ሄደው አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ምታ" አሉ። መታሁ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፤ ተነሡ፣ መጡ፣ አንዱን ማዞሪያ የፀጉር ያህል ነካ አደረጉት፣ ሠላሳ እርምጃ ተመልሰው ተቀመጡ። "ምታ።" ሁለት ማዞሪያ በአንድ ጊዜ አይነኩም። "ሁለቱን ከነካህ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም" ይላሉ። ያን ቀን አንዲት ዜማ ስመታ ዋልኩ። ጣቴ ላይ ውኃ ቋጠረ። የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ እያየ፣ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲመላለስ የሚውልበትን ምክንያት እርስ በርሱ ይጠያየቃል።

ወደ ማታ ላይ አገኙት። ማዳመጫ ከጆሮ ጋር ተጣብቆ የሚያሰማው ድምፅ አንድ ነው፣ ሜዳ ተሻግሮ የሚሄደው ሌላ ነው። በጓዳ ውስጥ ያጣፈጡበት ኢኮ ሜዳ ላይ ድምፁን ይበላዋል። በጆሯቸው ውስጥ የከበደው ወፍራም ድምፅ ሠላሳ እርምጃ ሳይደርስ መሬት ይወድቃል፤ እዚያ የሚደርሰው ንቡ ብቻ ነው።

"የእኔ ነው" አሉ። "ለራሴ ጆሮ ነው የሠራሁት።"

ከዚያ ማሽኗ ላይ ተደፍተው በጾሙ የሠሯቸውን ድምፆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠፏቸው። የሃምሳ አምስት ቀን ልፋት ነው። ሲጨርሱ እጃቸውን እላይዋ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። እኔ የማየው ቢያሳዝነኝም በልቤ ቀን እቆጥር ነበር፤ ለደጀኑ ሠርግ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረን እሳቸው ከዜሮ ይጀምራሉ።

በጊዮርጊስ ተመልሰን ሄድን። እኩለ ቀን ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ጊታሩን አውርጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው አዲስ ገዝቶ በአንድ ቀን ሥራ ይጀምራል። እኛ ድንጋይ ላይ ስንቀመጥ ስንነሣ ኪቦርዱ ቦታዎን ሊወስደው ነው። ይህ ግትርነት ነው።"

አልተቆጡም። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ "ና እዚህ" አሉኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ሦስት ጉባኤ ቤት ቀይሮ አንዱንም ያላጸና ተማሪ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ቤት የኔታ ቁጡ ናቸው ብሎ ጥሎ ሄደ። ሁለተኛው ቤት ተማሪው በዛ፣ ቀለም አይዳረስም ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ የኔታ 'እስቲ እስካሁን የያዝከውን አሰማኝ' አሉት። ከዚያም ቤት ቁራጭ፣ ከዚህም ቤት ቁራጭ ነው የያዘው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያሰማቸው አንድ ሙሉ ነገር አጣ። የኔታ አልገረፉትም፣ አልተቆጡትም። 'ልጄ፣ ችግሩ እኛ ቤት የለም' ብቻ አሉት።"

"ማነው እሱ?" አልኩ፤ እያወቅሁት።

"ድምፅ ነበረኝ አንዱዬ" አሉ። "ባጸና ኖሮ ዛሬ ንግሥ በደረሰ ቁጥር መቋሚያ ይዤ እቆም ነበር። ንግሥ ስሄድ ከሕዝቡ ጋር ሆኜ ነው የምሰማ። እስከ ዛሬ ያመኛል።"

ተነሥቼ ጊታሩን አነገትኩ። "ከየት ልጀምር?" አልኳቸው። "ከመጀመሪያው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አላጉረመረምኩም። በመድኃኔ ዓለም ዕለት ለደጀን የሚበቁ አራት ድምፆች ሠርተው ጨርሰው ነበር። ከለስላሳው ወደሚያለቅሰው እየረገጥኩ ስሻገርላቸው ግን ከድንጋዩ ላይ ብድግ አሉ።

"ቁም። እንደገና ሂድበት።"

ሄድኩበት።

"ዓይንህን ጨፍነህ አንተም ስማ።"

ስጨፍን ሰማሁት። አንዱ ድምፅ ጠፍቶ ሌላው እስኪመጣ፣ የዓይን ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ፣ ምንም የለም። ጋሽ ስሜነህ መጥተው ያላዞሩት ማዞሪያ፣ ያልቀያየሩት ሽቦ አልነበረም። በዝግታ ረገጡ፣ በፍጥነት ረገጡ፣ የባለወፍጮውን መብራት ከሌላ ሶኬት ሳቡ። ያቺ ዝምታ ንቅንቅ አላለችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀና አሉና ፈገግ አሉ፤ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ ሲስቁ አላየሁም ነበር።

"ይቺኛዋ የእሷ ናት" አሉ።

ለደጀኑ ሠርግ መላ አበጁላት። ድራም የሚመታውን ልጅ ጠርተው "እኔ እግሬን ሳነሣ እያየህ ምታ፤ ጉድጓዷን ሙላልኝ" አሉት። ልጁ ነገሩ ባይገባውም እሺ አለ።

የደጀኑ ሠርግ የባለ ከባድ መኪና ሠርግ ነው። ዳሱ ከአምበሩ ግቢ ይሰፋል፤ በሩ ላይ ያልተጠራ እንዳይገባ ዱላ የያዘ ጎረምሳ አቁመዋል። ውጭ ከአባይ በረሃ የወጡ የጭነት መኪና ረዳቶችና መንገደኞች ተሰብስበው በልጁ ትከሻ ላይ ያንጋጥጣሉ። እንግዳ ሳይገባ ጋሽ ስሜነህ ጊታሩን ለእኔ ሰጥተው ሄደው በረኛው እግር ሥር ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። "ሰው ሲሞላ ድምፅ ይጠጣል" ብለው ትንሽ ጨመሩበት። በላይነህ ይህን ሁሉ እያየ ወደ ኪቦርዱ ዞሮ "ምልክት ስሰጥህ የጊታሩን ትይዘዋለህ" ሲል ሰማሁት። ጋሽ ስሜነህም ሰምተዋል። የጊታራቸውን ክር ማስተካከላቸውን ግን አላቆሙም።

ጀመርን። ሙሽሮቹንም ጭብጨባውንም አላየሁም፤ ጋሽ ስሜነህ ወደሚያዩበት ወደ በሩ ነበር የማየው። ለስላሳው ድምፅ ወጣ፣ ጠራ፣ ሄደ። ወደሚያለቅሰው ሊሻገሩ እግራቸውን ሲያነሡ ድራሙ ጉድጓዷን ሞላላቸውና አለፉ። በረኛው መጀመሪያ ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ቀጥሎ አንድ ትከሻው ነቃ አለ። ቀጥሎ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሁለቱንም ትከሻ ለቀቃቸው። በሩን ረሳው። ረዳቱ ከነዘይት ልብሱ፣ መንገደኛው ከነሻንጣው እየተግተለተለ ገባ። ባለሠርጉ ሊቆጣ ከወንበሩ ተነሥቶ በረኛው ጋ ሲደርስ ምን እንደነካው አላውቅም፣ እሱም እስክስታውን ተቀላቀለ።

በላይነህ ለኪቦርዱ ምልክት አልሰጠም።

በማግስቱ ስንመለስ በላይነህ ከፊት ወንበር ዞሮ "ጋሽ ስሜነህ፣ ይቅር ይበሉኝ። ማሽኗ ደህና ናት፤ አይቀይሯት" አላቸው።

"እቀይራታለሁ" አሉ።

መኪናው ውስጥ ያለን ሁሉ ተያየን።

"ቀይሩ ስንልዎ እምቢ አሉ። ተዉ ስንልዎ ይቀይራሉ?" አለ በላይነህ።

"ያኔ ጥፋቷን አላውቅም ነበር፣ አሁን አውቃለሁ። አንዱን ድምፅ ስትጥል ሌላውን ቶሎ አታነሣም። ያንን የምታደርግ ማሽን እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም ጌጥ አልፈልግም።"

ክረምቱን ጠብቀው፣ የመጣላቸውን ሁሉ "አንዱን ጥላ ሌላውን እስክታነሣ ታቋርጣለች ወይ?" ብለው እየጠየቁ፣ ለሚቀጥለው የሠርግ ወራት የምትሆናቸውን አገኙ። አሮጌዋን ለእኔ ሰጡኝ። በአምበር ግቢ ያቺን ዜማ ስመታ ሳላውቀው ጊታሪስት ሆኜ ነበር። "ሁሉንም ድምፅ አላዳረስኩም፤ የቀረውን አንተ ጨርሰው" አሉኝ።

አልጨረስኩትም። እውነቱን መናገር ይሻላል። ባሕር ዳር ገብቼ ሆቴል ውስጥ መጫወት ስጀምር ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሸጥኳት። ሌላ ገዛሁ፣ እሷንም ለወጥኳት፣ ሦስተኛ ገዛሁ። በየጊዜው በስልክ ስነግራቸው ጋሽ ስሜነህ "ጥፋቱ የማነው?" ይሉኛል፣ እኔ እስቃለሁ። አራተኛዋ ደግሞ ያቺ ነጋዴው ፎቶዋን የሚልክልኝ ነበረች። የአሁኗ ሆቴሉ ውስጥ ከኋላ የሚቀመጡት ሰዎች ጋ አትደርስም ብዬ ነበር ልቀይራት የተነሣሁት። ከኋላ ሄጄ ግን ተቀምጬ አላውቅም።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ከሁለት ቀን በኋላ በሣልስቱ ድንኳን ውስጥ ዘግይቼ ስለገባሁ ያገኘሁት ቦታ በሩ አጠገብ ነው። አጠገቤ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ለቀብሩ ያልደረሱ የአምበርና የደጀን ሰዎች ስለነበሩ የጋሽ ስሜነህ የወንድም ልጅ ማይክራፎን ይዛ የሕይወት ታሪካቸውን ታነባለች። ድምፁ በኢኮ ተድበስብሶ ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ይንከባለላል።

"ምን አለች ልጄ?" አሉኝ አሮጊቷ።

"እኔም አልሰማሁም እማማ።"

ጥፋቱ የማነው፣ አልኩ በሆዴ። በልቅሶ ድንኳን መካከል ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው፤ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ ሄጄ ኢኮውን አጠፋሁት፣ ወደ ጣሪያ ያንጋጠጠውን ሞንታርቦ ወደ ሰዉ አዞርኩት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ቆመች። "ከመጀመሪያው ጀምሪልን እህቴ" አልኳትና ሠላሳ እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ተመልሼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። አልበቃኝም። ደግሜ ተነሥቼ አንዲት ማዞሪያ ብቻ ነካሁና ተመለስኩ። ፊት ለፊት ከእትዬ የሺ አጠገብ የተቀመጠው በላይነህ በነጠላው ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ልጅቷ ጀመረች። "አቶ ስሜነህ ገና በልጅነታቸው በሦስት ጉባኤ ቤቶች ተዘዋውረው የዜማ ትምህርት ተምረዋል" አለች። በክብር ነበር ያነበበችው። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

አሮጊቷ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። "አሁን ሰማሁ" አሉ።

ሰዉ ከድንኳኑ ሲወጣ ስልኬን አወጣሁ። ነጋዴው "ቁርጡን?" ብሎ ጽፎልኛል። "ለሌላው ሰው ስጠው፤ የያዝኳትን ገና አላወቅኋትም" ብዬ ላክሁለት። ከዚያ በላይነህ ጋ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አምበር ያለው ወፍጮ አሁንም በማርያም አይፈጭም?" አልኩት።

ቀይ ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። "አይፈጭም" አለ።

"እንግዲያው ጊታሬንና ማሽኗን ይዤ በማርያም እመጣለሁ። አንተ ትመታለህ፣ እኔ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ።"